የሰሜኑ ተረተር ዛፎች

የካቲት 3፣ 2017 ዓ.ም. ገንዳ ውሃ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሥልጠና ማስታወሻ ነበር። ከሠልጣኞቹ አፍ የሚጻፍ ነገር ስላልወጣ ባዶውን ተቀምጧል። እንግዲህ የራሴን ልጻፍበት።

ስሜ ሰርካለም ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በደን ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። ፕሮጀክቱ እዚህ እቶን ውስጥ የጣለኝ «አርሶ አደሩ ከተፈጥሮ እጣን ገቢ እንዲያገኝ ለማገዝ» ነው። እውነቱ ግን የሽመል ውሃ ቀበሌ አርባ ሦስት ገበሬዎች አፍንጫቸው ሥር ያለውን ሀብት እንዲያዩ ዓይናቸውን በጣቴ መክፈት ነው። ደኑን ከዚህ በፊት አንድ ኩባንያ ከሌላ ክፍለ ሀገር ሠራተኛ እያመጣ፣ እጣኑ እንዲወርድ ቅርፊቱን እየፋቀ ያቆስለው ነበር። እነሱ ያን ጊዜ ሰሊጥ ያርሙ፣ ከብት ያግዱ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ወረዳው ደኑን በውል ለማኅበራቸው ሰጥቷቸዋል። ሰጥቷቸው ምን አደረጉበት? ስብሰባ።

ዛሬ ከጎንደር ሥራ አስኪያጃችን አንዱአምላክ ደወለ። የዓመቱ እቅድ ግማሽ አልሞላም። በመጋቢት መጨረሻ የእርዳታ ሰጪዎቹ እንግዶች ይመጣሉ። «የሰሜኑ ተረተር ለምንድን ነው ያልተነካው?» አለኝ። አንዱአምላክ ተረተሩን በካርታ እንጅ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። እግሩ ከአስፋልት የወረደ ቀን የሚታመም ሰው ነው።

ግን ለምን እንዳልተነካ እኔም አላውቅም። ይህ ነው ያናደደኝ።

የካቲት 5

ሽመል ውሃ ሄድኩ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ደረበ ይባላል። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከወሎ ለኩባንያው እጣን ሊያቆስል መጥቶ እዚሁ የቀረ ሽማግሌ ነው። ሲናገር መሬት መሬት እያየ፣ ቃሉን ከጉድጓድ የሚያወጣ ይመስላል።

«የሰሜኑን ተረተር ሦስት ዓመት ልናሳርፈው ነው የተስማማን» አለ። «ኩባንያው አሟጦት ነው የሄደ። አሁን ውስጡን ትል ገብቶበታል።»

«ትሉን አይተውታል?»

«ይሰማል እንጅ አይታይም።» ቅርፊት የሚፋቅበትን አጭሩን ስለት፣ መንጋፉን፣ ገልብጦ በእጀታው አንዱን ዛፍ መታው። «ሰሙት?»

እኔ የሰማሁት የእንጨት ድምፅ ነው። ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ጠየቅሁት። «አራተኛ» አለኝ፣ ሳያፍር። እንግዲህ የመመረቂያ ጽሑፌን በዚሁ ዛፍ ላይ የጻፍኩት እኔ፣ አራተኛ ክፍል ከደረሰ ሰው ጋር ልከራከር ነው።

አልተከራከርኩም። ትእዛዙን በወረቀት ጻፍኩና ፈርሜ፣ ማኅተም አድርጌ ሰጠሁት። የሰሜኑ ተረተር ከነገ ጀምሮ ይቁሰል፤ በየዛፉ ላይ የሚወጣው ቁስል ስድስት መሆኑ ቀርቶ አሥራ ሁለት ይሁን። «አይ፣ አንችልም ካላችሁ ፕሮጀክቱ ሌላ ማኅበር ይፈልጋል» አልኳቸው፣ ከኋላው የቆሙትን አባላት ጭምር። ሁሉም ዝም አሉ። ይሄኔ ማንም ሰው ተስማምተዋል ይላል።

የካቲት 10

ሥራው ተጀመረ። ሙቀቱ አርባ አንድ። ውቢት የምትባል ሴት መንጋፍ ካልያዝኩ ብላ አስቸገረች። ባሏ ሱዳን ሄዶ በዚያው የቀረ፣ ሁለት ልጅ ያላት ናት። እዚህ ሴቶች የሚሠሩት የወረደውን እጣን መልቀምና መለየት ነው። ለእንግዶቹ ፎቶ ይጠቅማል ብዬ ፈቀድኩላት።

ማታ ዛፎቿን ቆጠርኩ። ሁሉም ላይ ስድስት ስድስት ቁስል።

«አሥራ ሁለት ነው ያልኩት።»

«ስድስቱም በዝቶበታል፣ እህቴ።»

እህቴ! ከመቼ ወዲህ ነው የተዛመድነው?

የካቲት 25

በተከራየሁበት ግቢ ቤተሰቡ ረመዳን፣ እኔ ሁዳዴ። አከራዬ ሐሚዳ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁልጊዜ አንድ ብርጭቆ ከርከዴ፣ ያን የቀይ አበባ መጠጥ፣ ታመጣልኛለች። አልጠየቅኋትም። የጠፍር አልጋው፣ አንገረቡ፣ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እስክጨርስ ትጠብቃለች። ሰው ሲጠጣ ማየት ምን ያስደስታል?

ዛሬ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጠይቅሽ። ሰውን ሁሉ ነው የምትጠይው ወይስ የቆላ ሰው ብቻ?»

«ማንንም አልጠላም» አልኳት። «ሥራውን የማያውቅ ሰው ያናድደኛል።»

ሳቀች። ምን እንዳሳቃት አልገባኝም፤ አልጠየቅኋትምም።

መጋቢት 7

ከሰሜኑ ተረተር የሚወርደው እጣን የማኅበሩን ጎተራ ሞላው። አሥራ ሁለት ቁስል! ደረበ ቁልሉን አይቶ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሲሸነፉ ዝም ማለት ያውቁበታል።

ሷሊህ መጣ። የሐሚዳ ወንድም ነው፤ ከመተማ ዮሐንስ እስከ አብርሃ ጅራ ሙጫና እጣን የሚገዛ ነጋዴ። ጀላቢያው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ በዚህ አቧራ ውስጥ ንጹሕ ልብስ የሚለብስ ሰው ይጠረጠራል። ከቁልሉ አንድ ፍሬ አንስቶ በጥፍሩ ሰበረው።

«ይህ የበሽተኛ ዛፍ ነው» አለኝ። «እንዲህ የሚያፈሰው ሊሞት ሲል ነው። ቶሎ አስቁሚው።»

ዋጋ ለማውረድ የማይባል ነገር የለም። «ካልወደዱት አይግዙ» አልኩት።

«እገዛዋለሁ» አለ። «በሚቀጥለው ዓመት ምን ልገዛ ነው ብዬ ነው እንጅ።»

መጋቢት 21

እንግዶቹ መጡ። ሦስት ነጮች፣ እዚህ ካዋጃ የሚሏቸው፣ አንድ አስተርጓሚ፣ አንዱአምላክ በአዲስ ኮፍያ። በጸጥታ ችግር የተዘጋው መንገድ የተከፈተው ለሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ በአጀብ መጥተው በአጀብ ተመለሱ። ተረተሩ ላይ አርባ ደቂቃ ቆዩ። ውቢትን ከነመንጋፏ አነሷት። አንዷ ካዋጃ ከዛፉ የወረደውን እጣን አሽትታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ምን ያስለቅሳታል? አገሯ ዛፍ የለም?

አንዱአምላክ በሁሉም ፊት «የሰርካለም ሥራ ነው» አለ። ደረበ ከኋላ ቆሞ ነበር። እንዲናገር ሲጋበዝ «እንኳን በደህና መጣችሁ» ብሎ ተቀመጠ። ሌላ ነገር ሊል ነው ብዬ ለምን እንደሰጋሁ አላውቅም።

ሚያዝያ 15

አንዱአምላክ ደወለ። ባሕር ዳር የፕሮጀክቱ አስተባባሪነት ቦታ ክፍት ነው፤ ከሐምሌ ጀምሮ የኔ ነው። አልጮህኩም፣ አልዘለልኩም። በሩን ዘግቼ ትንሽ ዘፈንኩ።

ከሰዓት በኋላ ጎተራው ጋ ሁለት ለቃሚዎች መስኮቱ ሥር ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሴትዮዋ መቼ ነው የምትሄድ?»

«ዛፉ ሲያልቅ።»

ተሳሳቁ። እኔም በውስጤ ሳቅሁ። ባሕር ዳር ሆኜ እስቅባቸዋለሁ።

ግንቦት 12

ነፋስ። ዛፍ ወደቀ። አንድ አይደለም፣ ብዙ። ደረበ። ነገ እጽፋለሁ።

ግንቦት 13

እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

ትናንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከዝናቡ በፊት የሚመጣው አቧራማ ነፋስ ተነሣ። ሴቶቹ ተረተሩ ላይ ለቀማ ላይ ነበሩ። ደረበ ሰማዩን አይቶ «ላወርዳቸው ነው» ብሎ ወጣ። ማንም አላዘዘውም። እኔ ጎተራው ውስጥ የወሩን ሪፖርት እጽፍ ነበር። መጀመሪያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ተከታትሎ ብዙ ድምፅ። ዛፎቹ ከወገባቸው እየተቀነጠሱ ነበር።

ውቢት እየሮጠች ወረደች። ነጠላዋ የለም። «ደረበ ላይ ዛፍ ወድቆበታል፤ እግሩ ተይዟል፤ መኪናውን!» አለች።

የፕሮጀክቱ መኪና በሩ ላይ ቆማለች። ሾፌሩ አለ። ነገር ግን ደንብ አለ፤ በፕሮጀክቱ መኪና የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ያልሆነ በሽተኛ አይጫንም። ያለ ፈቃድ ጭኜ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። አንዱአምላክ ጋ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ጉብታው ላይ ወጥቼ ደወልኩ። ወንዶቹ ደረበን በቃሬዛ ይዘውት ወረዱ። እኔ ስልክ ይዤ ጉብታው ላይ ነበርኩ። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው።

ያን ጊዜ ሷሊህ በአሮጌ ፒካፑ ደረሰ። ማን እንደነገረው አላውቅም። ምንም አልጠየቀም። የጫነውን ሙጫ በሙሉ መሬት ላይ አራግፎ ደረበን አስተኛውና ሄደ። ሲያልፍ አየኝ፤ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነበር።

ነጋዴ ነው። አንድ ቀን ውለታውን በሆነ ነገር ይቀበላል።

ሃያ ደቂቃ አይሆንም። አሥራ አምስት።

ግንቦት 17

እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ወደ ጎንደር ይላክ ተብሎ ነበር፤ መንገዱ ተዘግቷል። እዚሁ ጄሶ አስረውለታል። ሐሚዳ እንደነገረችኝ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ዳገት አይወጡም» ብሎታል።

ሙዝ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ክፍሉ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ፤ ሰው በዝቶ ነበር። ሙዙን ለዘበኛው ሰጠሁት።

ሰው አልበዛም። ሷሊህና ውቢት ብቻ ነበሩ። ሷሊህ ገንፎ እያጎረሰው ነበር።

ግንቦት 22

ወረዳው ስብሰባ ጠርቷል። በውሉ መሠረት ማኅበሩ ዛፉን በአጠቃቀም ጉድለት ካጠፋ ደኑ ይወሰድበታል። ከአብደራፊ በኩል የመጣ አንድ ባለሀብት ለሰሊጥ መሬት እየጠየቀ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ትራክተሩን እስከ ወንዙ ማዶ አምጥቶ አቁሞታል፤ ያለ እፍረት።

አንዱአምላክ ደወለ። «ለስብሰባው በምትጽፊው ሪፖርት ላይ፣ ማኅበሩ ከባለሙያ ምክር ውጭ ከመጠን በላይ አቁስሏል በይ» አለኝ።

«ትእዛዙ በጽሑፍ ነው የተሰጠው።»

«ማን ጋ ነው ያለው?»

«ደረበ ጋ። ኮፒው እኔ ጋ።»

«ደረበ ሆስፒታል ነው» አለ። «ሰርካለም፣ ባሕር ዳርን አስቢ።»

ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ዓረፍተ ነገር በራሱ እጅ አልጻፈም። ሁሌም የሚጽፍለት ሞኝ ያገኛል።

ጻፍኩት። ሁለት ገጽ። ጥሩ ተጽፏል፤ አንድ የሚነሣ ቃል የለውም።

ግንቦት 27

ለሪፖርቱ አባሪ የወደቁትን ልቆጥር ተረተሩ ላይ ወጣሁ። ውቢት ሳልጠራት ተከተለችኝ። ሰባ አንድ ዛፍ ወድቋል። የእጣን ዛፍ፣ እነሱ ዋልያ መቀር የሚሉት፣ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት ይላጣል፤ የወደቁት ልብስ የተገፈፈ ሰው ይመስላሉ።

ውቢት የተሰበረውን ጉቶ አሳየችኝ። ውስጡ ወንፊት ነው። የጣት ያህል የወፈረ ነጭ ትል አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ወረወርኩት። ከዚያ አንድ የቆመ ዛፍ አቅፋ ጆሮዋን ለጠፈችና «ነይ» አለችኝ። ተጠጋሁ። መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። ቆይቶ ሰማሁት። ቀስ ብሎ የሚያኝክ ነገር፣ ሳያቋርጥ።

«እኛ እኮ ነግረንሽ ነበር» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር፤ መልስ እሰጣት ነበር።

ስወርድ ስልኬን ከፍቼ የዚያን ቀን ጥሪዎች አየሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሃያ ሁለት ደቂቃ።

ሰኔ 1

ሪፖርቱ ገብቷል። ምግብ አልበላም ካልኩ ሦስት ቀኔ። ሙቀቱ ነው። ሐሚዳ አሁንም ከርከዴውን ታመጣለች፤ አሁን ግን አንገረቡ ላይ አትቀመጥም። አስቀምጣው ትሄዳለች።

ሰኔ 4

ስብሰባው ዛሬ ነበር። የቀበሌው አዳራሽ በሰው ጢም ብሏል። የወረዳው ኃላፊ፣ ከጎኑ አንዱአምላክ፣ ከጎኑ እኔ። ባለሀብቱ የፊት ወንበር ላይ ስልኩን ያያል። ደረበን ሷሊህና አንድ ሌላ ሰው ደግፈው አስገቡት። ከስቷል። ሰው ሁሉ ተነሣለት። እኔ አልተነሣሁም፤ ወረቀቴን አስተካከልኩ።

ኃላፊው ሪፖርቴን ጮክ ብሎ አነበበው። ያ ያማረ አማርኛዬ! «ከባለሙያ ምክር ውጭ» የሚለው ላይ ሲደርስ አርባ ሰው ዞሮ አየኝ። ማንም አላጉረመረመም። ሰው ከእኔ የሚጠብቀው ይህንኑ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አንድም ሰው አልገረመውም።

«አቶ ደረበ፣ ምን ይላሉ?» አለ ኃላፊው።

ደረበ ተደግፎ ቆመ። ትእዛዜ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር፤ የወረቀቱ ጫፍ ይታየኛል። ሊያወጣው ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ማኅበሩ የለበትም» አለ። «ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ። ተረተሩን አቁስሉ ያልኳቸው እኔ። መታመሙን እያወቅሁ ነው ያዘዝኳቸው። ብትፈልጉ እኔን እሰሩ፤ ደኑን ግን ለነዚህ ተዉላቸው።»

ወደ እኔ አልተመለከተም። ወረቀቱንም አላወጣም። ስሜን ለመጥራት እንኳ አልበቃሁትም።

ለምን እንደተነሣሁ መጻፍ አልችልም። ሕሊና፣ እውነት ምናምን ብዬ አልጽፍም፤ እንዲህ ያለውን ቃል ሪፖርት ላይ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁና አላምነውም። የተነሣሁት ተናድጄ ነው። አራተኛ ክፍል የደረሰ ሰው፣ በተሰበረ እግሩ ቆሞ፣ የእኔን ጥፋት እንደ ራሱ ዕቃ ሲሸከም ማየት አልቻልኩም።

«ውሸት ነው» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነበር። «ሪፖርቱ ውሸት ነው። ተረተሩ ይረፍ ብለው ነግረውኛል። ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ቁስል ያልኩትም እኔ ነኝ። ካልሠራችሁ እናስወጣችኋለን ያልኩትም እኔ ነኝ።» ኮፒውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ኃላፊው ፊት አስቀመጥኩት። ለምን ይዤው እንደመጣሁ አሁንም አላውቅም።

አንዱአምላክ ክንዴን ይዞ «አሟታል፣ ሙቀቱ ነው» አለ።

«አላመመኝም» አልኩ። «ደግሞ የዚያን ቀን መኪናዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሃያ ሁለት ደቂቃ።»

ይህን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ባለሀብቱ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ኃላፊው ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበና ለነገ ቀጠረን።

አንድም ሰው አላመሰገነኝም። ስወጣ መንገድ ለቀቁልኝ፤ እንደ በሽተኛ።

ሰኔ 5

ውሳኔው ተሰጠ። ደኑ ከማኅበሩ አይወሰድም። የሰሜኑ ተረተር አምስት ዓመት ይረፍ፤ የታመሙት ዛፎች አንድ በአንድ ታውቀው ምልክት ይደረግባቸው። ትራክተሩ ከወንዙ ማዶ ማታውን ተነሥቶ ሄደ።

አንዱአምላክ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ ወደ ጎንደር ተመለሰ። ከሁለት ሰዓት በኋላ በቴሌግራም ደብዳቤ ላከልኝ። ውሌ በሰኔ መጨረሻ ይቋረጣል። ደብዳቤው ውስጥ አራት የፊደል ግድፈት አለ። አርሜ መልሼ ላክሁለት።

ባሕር ዳር ማን እንደሚሄድ አልጠየቅሁም። ሐይቁን ግን አሰብኩት። ረጅም ሰዓት አሰብኩት።

ሰኔ 7

ዛሬ ወደ አቶ ደረበ ቤት ሄድኩ። ሙዝ አልያዝኩም። ጥላው ሥር አልጋ ላይ፣ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ውቢት አጠገባቸው መንጋፍ ትስላለች። ማንም ተቀመጪ አላለኝም። ቆምኩ።

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጥሩ ንግግር ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «ይቅርታ» ብቻ ሆነ፤ እሱም ተሰባብሮ።

አቶ ደረበ እንደ ልማዳቸው መሬቱን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ፊት ለፊት አዩኝ፤ ከተዋወቅን ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ይህን ለማለት አራት ወር ፈጀብሽ?» አሉኝ።

አንቺ አሉኝ። እስከ ዛሬ «እርስዎ» ነበርኩ፤ እኔም እንደ ክብር እቆጥረው ነበር።

«ፈጀብኝ» አልኩ።

«እኔ ከእንግዲህ ተረተር አልወጣም። የታመመውን ከጤነኛው የሚለይ ጆሮ ያላት ይቺ ናት» አሉ፣ ውቢትን በአገጫቸው እያሳዩ። «መጻፍ ግን አትችልም። ነገ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ትወጣለች። እሷ ትሰማለች፣ አንቺ ትጽፊያለሽ።»

«ውሌ እኮ ሊያልቅ ነው። ከሰኔ በኋላ ፕሮጀክቱ—»

«ስለ ፕሮጀክቱ ማን ጠየቀሽ?»

ውቢት ስለቱን በአውራ ጣቷ ሞክራ፣ ሳታየኝ፣ «ከዘገየሽ አልጠብቅሽም» አለች።

ድፍረቷ! አሥራ ሁለት ሰዓት! ለመሆኑ ይህች ሴት ከማን ጋር የምታወራ ይመስላታል? ሁለተኛ ዲግሪ ያላት ሴት የእሷ ጸሐፊ ልትሆን ነው። ስድብ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የስልኬን ደወል አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሞልቻለሁ። ሁለት እርሳስ ቀርጫለሁ።